ሦስተኛው ጥያቄ

እንደ እኔ ያለ፣ ውሻን የሚያውቀው በግቢ በር ላይ ታስሮ ሲጮኽ ብቻ የነበረ ሰው፣ ዋሽንግተን ገብቶ ታክሲ መንዳት ሲጀምር ከሚያስደነግጡት ነገሮች አንዱ ውሻ ተሳፋሪ መሆኑ ነው። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ውሻ ከደጅ አያልፍም ነበር። ታማኝነቱን የሚክድ ባይኖርም ስሙ የሚነሣው ለሙገሳ ሳይሆን ለስድብ ነው። እዚህ ግን ስም አለው፤ ሐኪም አለው፤ በብርድ ወራት ካፖርት ይለብሳል፤ ሲታመም ባለቤቱ ከሥራ ፈቃድ ይጠይቅለታል። ይህን ሁሉ ሃያ ዓመት ያህል ሳየው ኖሬ ለምጄዋለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ገና ስላልለመድኩት ነገር ነው። ስለ አንድ ጥያቄ ነው።

ባለፈው የብርድ ወራት መኪናዬ ጋራዥ ገብታ ስለነበር ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ መሀል ከተማ በቀዩ መስመር ባቡር ተሳፍሬ እሄድ ነበር። ከፊት ለፊቴ አንድ ወጣት ተቀምጧል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ከጎኑ፣ ለሰው በተሠራው ወንበር ላይ፣ ጠጉሯ የተድቦለቦለ አንዲት ትንሽ ነጭ ውሻ ጉብ ብላለች። ቀይ ሰደርያ አጥልቀውላታል። ሰደርያው ላይ በትልልቅ ፊደል «የአገልግሎት ውሻ፤ አትንኩ» የሚል ተጽፏል።

ፎርት ቶተን ስንደርስ በሩ ተከፈተና አንድ ጎልማሳ ዓይነ ስውር ገባ። በግራ እጁ የያዘው በአንዲት ቢጫ ላብራዶር ጀርባ ላይ የታሰረውን ደረቅ እጀታ ነው። ያቺ ውሻ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላየችም። ባዶውን ቦታ ፈልጋ አገኘች፤ ሰውየውን አደረሰችው፤ እግሩ ሥር ልትተኛ ዝቅ አለች። በዚህ ጊዜ ነጯ ውሻ ከወንበሩ ዘላ ወረደችና እየጮኸች ፊቷ ላይ ተከመረችባት። ላብራዶሯ አልመለሰችላትም። ወደ ኋላ ስትሸሽ ግን እጀታው ሰውየውን ጎተተውና ትከሻው ከብረቱ ምሰሶ ጋር ተጋጨ።

«ምንድን ነው? የማን ውሻ ነው?» አለ ሰውየው፣ ድምፁ ወደመጣበት ዞሮ።

«ይቅርታ፤ ልትጫወት ፈልጋ ነው» አለ ወጣቱ ማሰሪያውን እየሳበ።

«የእኔዋ ግን ሥራ ላይ ናት» አለ ሰውየው።

በሚቀጥለው ጣቢያ ወረደ። የሚወርድበት ጣቢያ ይሁን አይሁን አላውቅም። በሩ ሲከፈት ላብራዶሯ መጀመሪያ ወደ ነጯ ውሻ፣ ቀጥሎ ወደ በሩ አየች፤ እግሯን ለማንሣት አመነታች። ስትገባ ያላመነታችው ውሻ ስትወጣ አመነታች። በውሻ ዓይን የሚሄድ ሰው የውሻው ማመንታት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

እኔም መታገሥ አቃተኝና ወጣቱን፣ «ይህች በእውነት የአገልግሎት ውሻ ናት?» አልኩት። ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ነቅሎ፣ «ይህን መጠየቅ ሕገ ወጥ ነው» አለኝና መልሶ ሰካው። ሠረገላው ሙሉ ሰው ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ንዴቴን ግን ይዤው ወረድኩ።

ንዴት እንደ ሳንቲም ነው፤ አንዱ ዘንድ ያልመነዘራችሁትን ሌላው ዘንድ ትመነዝሩታላችሁ። በሳምንቱ መኪናዬ ተሠርታ ወጣች። ዘጠነኛው መንገድ ላይ ካሉት የእኛ ሰዎች ቡና ቤቶች በአንዱ ከባልንጀሮቼ ጋር ቁጭ ብለን ያየሁትን አወራሁላቸው። ሁሉም የየራሱን አመጣ። አንዱ በቦርሳ ስለገባች ድመት፣ አንዱ ወንበሩ ላይ ስለሸና ውሻ ተረከ። በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ጋሼ፣ «ወረቀት መጠየቅ ነው እንጂ ምን ችግር አለው? እውነተኛ ከሆነ ወረቀት አያጣም» አሉ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ፈቃድ ስናወጣ ስለዚህ ጉዳይ ያስተማሩን ነገር ነበር። ለፈተና የሚጠና ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከፈተናው በር አይወጣም። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን ውሻ የያዘ ሰው እጁን ሲያነሣ ነዳጅ ረግጦ የሚያልፍም ነበር። እኔም አንድ ሁለቴ አድርጌዋለሁ።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው፣ ዝናብ በሚጥልበት ምሽት፣ ዱፖንት ሰርክል አጠገብ አንዲት ሴት እጇን ያነሣችው። ዕድሜዋ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ይሆናል። ከጎኗ ዘሩ ይህ ነው የማይባል ቡናማ ውሻ ቆሟል። ተራ ማሰሪያ እንጂ ሰደርያ የለውም። ሁለቱም በስብሰዋል። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

«የአገልግሎት ውሻ ነው?» አልኳት።

«አዎ።»

«ምን ይሠራል?»

«የስኳር በሽታ አለብኝ። ስኳሬ ሲወርድ እኔ ሳልሰማው እሱ በሽታ ያውቀዋል። እግሬን እየመታ ይነግረኛል።»

ሁለት ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ሁለት መልስ አገኘሁ። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። እኔ ግን ጋሼን ሰምቼ መጥቻለሁ፤ የባቡሩንም ልጅ ይዤ መጥቻለሁ።

«ወረቀት አለዎት?»

«የምን ወረቀት?»

«መሆኑን የሚያረጋግጥ። ሰደርያም አላየሁበትም።»

ሴትዮዋ የመኪናውን በር ለመክፈት የዘረጋችውን እጇን መለሰች። አልተቆጣችም። «ሰደርያውን በሃያ ዶላር ልገዛው እችል ነበር» አለች። «ያን ጊዜ ያምኑኝ ነበር ማለት ነው?» መልስ ሳልሰጣት ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩንባውን ነፋ። እሷም ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተራመደች። እኔም ሄድኩ። በመስታወቴ ሳያት ውሻው ቀና ብሎ ፊቷን ያይ ነበር።

የዚያን ሌሊት ሕጉን ፈልጌ አነበብኩት። አሜሪካ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የማስፈጸሚያ ደንብ መሠረት የአገልግሎት ውሻ የሚባለው ከባለቤቱ ጉዳት ጋር የተያያዘ የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ የሠለጠነ ውሻ ነው። ዓይነ ስውርን ይመራል፤ መስማት ለተሳነው ደወል መደወሉን ይነግራል፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ይጠብቃል፤ የወደቀ ዕቃ ያነሣል። አጠገብ በመሆኑ ብቻ መንፈስን የሚያጽናና ውሻ፣ ጥቅሙ ባይካድም፣ በዚህ ሕግ የአገልግሎት ውሻ አይባልም።

የውሻው ሥራ በዓይን የማይታወቅ ከሆነ መጠየቅ የሚፈቀደው ሁለት ነገር ነው። ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ የአገልግሎት ውሻ ነወይ? ምን እንዲሠራስ ሠልጥኗል? ከዚያ ወዲያ «ሕመምህ ምንድን ነው» አይባልም። «እስቲ ሲሠራ አሳየኝ» አይባልም። «ወረቀት አምጣ» አይባልም። ውሻ እፈራለሁ ወይም ጠጉሩ አይስማማኝም ማለትም ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። እንግዲህ የባቡሩ ልጅ የተናገረው ግማሽ እውነት ነበር። የትራንስፖርት ሠራተኛ ሊጠይቀው ይችላል፤ የሚጠይቀው ግን ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። እኔም ሴትዮዋን የጠየቅኋት ሦስተኛው ጥያቄ ሕገ ወጥ ነበር።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን የሚከተለው ነው። ጋሼ አያጡትም ያሉት ወረቀት በሕግ የለም። የአገልግሎት ውሻ የሚመዘገብበት የመንግሥት መዝገብ የለም። ሰደርያ ማልበስ ግዴታ አይደለም። ባለጉዳዩ ውሻውን ራሱ ማሠልጠንም ይችላል። በገበያ የሚሸጡት መታወቂያዎችና የምስክር ወረቀቶች በዚህ ሕግ ፊት ምንም መብት አያስገኙም፤ የሚገዛቸውም ማንም ይሁን ማን ገንዘቡን እስከከፈለ ድረስ ነው። ስለዚህ እኔ ያዘጋጀሁትን ፈተና አስቡት። የባቡሩ ልጅ ቢመጣ ሰደርያ ስላለው ያልፋል። እሷ ሰደርያ ስለሌላት ትወድቃለች። ውሸታሙን አሳልፎ እውነተኛውን የሚጥል ወንፊት ይዤ ነበር መንገድ ላይ የቆምኩት።

አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው ይገባል። በላስቲክ የተሸፈነ፣ ማኅተም ያረፈበት የሐኪም ወረቀት ከነፎቶግራፉ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ተሳፋሪው ማኅተሙን አይቶ ይመጸውታል። ወረቀት የሌለው ሕመምተኛ ግን ቢለምን «ሠርተህ ብላ» ይባላል። ከጊዜ በኋላ ማኅተሙ ሐሰተኛ ነው የሚል ወሬ ይሰማል። ያን ጊዜ ደግሞ እውነተኛ ማኅተም የያዘውም አይታመንም።

ሕጉ ለምን ይህን ያህል ለውሻ ባለቤቶች አደላ ያለ ሰው ወደ ኋላ መለስ ብሎ ታሪኩን ማየት ይኖርበታል። በጀርመን አገር ኦልደንቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1916 የዓይነ ስውራን መሪ ውሾች ማሠልጠኛ ተከፍቶ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች። ስዊዘርላንድ ትኖር የነበረች ዶሮቲ ዩስቲስ የተባለች አሜሪካዊት በ1927 ስለዚህ ሥራ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ጻፈች። በናሽቪል ከተማ የሚኖር ሞሪስ ፍራንክ የተባለ ዓይነ ስውር ወጣት ጽሑፉ ሲነበብለት ሰማና ደብዳቤ ላከላት። በ1928 ስዊዘርላንድ ሄዶ በዲ ከምትባል ውሻ ጋር ተመለሰ። ኒውዮርክ ላይ ጋዜጠኞች እያዩት መኪና የሚተራመስበትን ሰፊ ጎዳና ከእርሷ ጋር ተሻገረ። በ1929 ዛሬም የሚሠራው ሲይንግ አይ የተባለው የመሪ ውሾች ትምህርት ቤት ተመሠረተ።

ጎዳናውን መሻገር ግን ቀላሉ ነበር። የባቡሩ፣ የሆቴሉና የምግብ ቤቱ በር ነው ያስቸገረው። የባቡር ኩባንያዎች «ውሻ ከሰው ጋር አይሳፈርም» ይሉ ነበር። ለሚያየው ሰው ውሻ ናት፤ ለፍራንክ ግን ዓይኑ ናት። ዓይንህን ለዕቃ ፉርጎ አስረክበህ ግባ የሚባል ሰው አለ? ፍራንክና መሰሎቹ ይህን በር በየከተማው እየዞሩ ሲያንኳኩ ዓመታት አለፉ። ዛሬ ያ ወጣት ከነውሻው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ባቡር ያኔ በክርክር የተከፈተ ባቡር ነው።

የአየር መንገዶች ነገር ደግሞ ሌላው ትምህርት ነው። አየር መንገዶች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለነበር መንፈስን የሚያጽናኑ እንስሳትንም ይቀበሉ ነበር። በዚህም በር የማይገባ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 አንዲት ሴት በኒዋርክ አየር ማረፊያ ጣዎስ ይዛ ልትሳፈር ሞክራ ተከልክላለች። ጭራውን የዘረጋ ጣዎስ ከመንገደኛ ጎን ሲቀመጥ አስቡት። በመጨረሻም መንግሥት ደንቡን ለወጠ። ከጥር 2021 ጀምሮ አየር መንገዶች የአገልግሎት እንስሳ ብለው የመቀበል ግዴታ ያለባቸው የሠለጠነ ውሻን ብቻ ሆነ፤ ስለ ጤናውና ስለ ሥልጠናውም ባለቤቱ የሚፈርመው ቅጽ መጠየቅ ተፈቀደላቸው። ቅጹን ዛሬ የሚሞላው ግን ጣዎሱ አይደለም። ላብራዶሯን ይዞ የሚሄደው ዓይነ ስውር ነው። ሌላው ላባከነው እምነት እርሱ ይፈርማል።

ይህን እያነበብኩ ሳለሁ አያቴ ትዝ አሉኝ። አያቴ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ነበረባቸው። ይህ በሽታ ዓይንን ከውስጥ ያጠፋዋል፤ ከውጭ ለሚያየው ግን ዓይኑ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ይመስላል። የአያቴም ዓይን ጥርት ያለ ነበር። መሪያቸው እኔ ነበርኩ። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ የበትራቸውን ጫፍ ይዤ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ። እኔ ባደግሁበት ቀዬ የዓይነ ስውር መሪ ልጅ እንጂ ውሻ አልነበረም።

በደርግ ዘመን ነው። አንድ ቀን ከአራት ኪሎ ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ለመሄድ ውይይት ታክሲ ተሳፈርን። ሰው ፊት ለፊት የሚተያይበትን ያን ታክሲ የዘመኑ ሰዎች ታስታውሱታላችሁ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ለእኔም ጠየቀ።

«መሪዬ ነው ልጄ፤ ጭኔ ላይ ይቀመጣል» አሉት አያቴ።

ረዳቱ ዓይናቸውን አየና ሳቀ። «አባባ፣ እንደ ኮከብ የሚያበራ ዓይን ይዘው ዓይነ ስውር ነኝ ይላሉ? እስቲ ይህ ስንት ጣት ነው?» አለና ጣቶቹን ፊታቸው ላይ አወዛወዘ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ተሳፋሪዎችም ሳቁ። አያቴ መልስ አልሰጡም። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ለእኔ አንድ ስሙኒ ከፈሉ። ያቺ ስሙኒ የመመለሻችን ነበረች። ስንመለስ በእግራችን ሄድን።

መንገድ ላይ፣ «አባባ፣ የሐኪሙ ካርድ ኪስዎ ውስጥ አይደል እንዴ? ለምን አላሳዩትም?» አልኳቸው።

«ካርዱን ባሳየው የሚያምነው ካርዱን ነው» አሉኝ። «እኔን አይደለም።»

ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ወረቀት ኪስ ውስጥ እያለ ሁለት ሰዓት በእግር መሄድ የሽማግሌ ግትርነት መስሎኝ ተናድጄ ነበር። የገባኝ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ዱፖንት ሰርክል ላይ፣ የረዳቱን ቦታ ራሴ ይዤ ነው። እኔ ጣቴን አላወዛወዝኩባትም። «ወረቀት አለዎት» ነው ያልኩት። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። ቃሏን ሰምቼ ቃሏ አልበቃኝም።

የባቡሩን ልጅ ለማጽደቅ አይደለም ይህን የምለው። አንድ ሰው ውሻውን ከቤት መተው ስላልወደደ ብቻ የአገልግሎት ሰደርያ ሲያለብሰው ቀልድ አይደለም፤ ብዙ ግዛቶችም በሕግ ያስቀጡበታል። እዚሁ አጠገባችን ያለችው ቨርጂኒያ እንዲህ ሲያደርግ የተገኘን ሰው እስከ 250 ዶላር ትቀጣለች። ነገር ግን በሐቀኝነት ከተናገርን የዚያች ነጭ ውሻ ሰደርያ ሐሰተኛ ይሁን እውነተኛ እኔ አላውቅም። ልጁ ከውጭ የማይታይ ሕመም ይኖርበት ይሆናል። የማውቀው ያየሁትን ነው። ውሻይቱ በሥራ ላይ ባለች ውሻ ላይ ዘላለች፤ ሰውየውንም አስመትታዋለች። ሕጉም ለዚህ መልስ አለው። ውሻው ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ባለቤቱ ካላስቆመው፣ እውነተኛ የአገልግሎት ውሻ እንኳ ቢሆን፣ ይውጣ ይባላል። ለዚህ የባለቤቱን ገላ መመርመር አያስፈልግም፤ ወረቀትም አያስፈልግም። የእኔ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር። የውሻውን ጠባይ ማየት ሲገባኝ የሰውን ማንነት መርማሪ ሆንኩ። ልጁ የተበደረውንም ዕዳ ከሴትዮዋ ሰበሰብኩ።

ይህን ለባልንጀሮቼ ቡና ቤት ስነግራቸው ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ታዲያ ቢያታልሉህስ?» አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሊያታልሉኝ ይችላሉ፤ አታልለውኝም ያውቁ ይሆናል። ባለፈው ወር አንድ ሰው ትልቅ ጥቁር ውሻ ይዞ አስቆመኝ። ሁለቱን ጥያቄዎች ጠየቅሁት፤ መለሰልኝ። ሦስተኛው ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩትና በሩን ከፈትኩ። ውሻው ወለሉ ላይ ተኛ፤ እስኪወርዱ ድረስ ድምፁ አልተሰማም። እውነተኛ ነበር? አላውቅም። ማታ ወንበሩን ስጠርግ አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ።

ያቺን ሴት ግን እስካሁን አላገኘኋትም። ዝናብ በሚጥልበት ምሽት በዱፖንት ሰርክል በኩል ሳልፍ ዝግ ብዬ ነው የምነዳው። ከኋላዬ ያሉት ጥሩንባ ይነፋሉ።